ከመኪናው አስቀድሞ ስልቱ

(ፕሮግራም መጻፍ ለጀመሩ ተማሪዎች ስለ አልጎሪዝም የተደረገ ንግግር)




  የምንናገረው ለጀማሪዎች ስለ ሆነ፣ ነገሩን አስቀድመው የሚያውቁት በትዕግሥት እንዲሰሙን እንለምናለን።

ከጀማሪዎች ብዙዎቹ ኮምፒዩተር ፊት እንደ ተቀመጡ ወዲያው መጻፍ ይጀምራሉ። ከጥቂት መስመር በኋላ ፕሮግራሙ ይቆማል። አንድ ምልክት ይለውጡና እንደገና ያስኬዱታል። አሁንም ይቆማል፤ አሁንም ይለውጣሉ። በመጨረሻ ትክክል የሚመስል ቁጥር ሲወጣ «ሠራ!» ብለው ይነሣሉ። እኛም ዛሬ ልንመረምር የፈለግነው ይህችን «ሠራ» የምትባለውን ቃል ነው። አንድ ፕሮግራም ሠራ የሚባለው መቼ ነው? አንድ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ስለ ሰጠ ነውን? ወይስ ሁልጊዜ እንደሚሰጥ ስላወቅን?

አልጎሪዝም የሚለው ቃል የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይኖር ከነበረው የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኽዋሪዝሚ ስም ነው። ይህ ሊቅ በሕንድ አኃዝ ስለ ማስላት የጻፈው መጽሐፍ በኋላ ዘመን ወደ ላቲን ቋንቋ ሲተረጐም ስሙ በላቲኖቹ አፍ ተለውጦ አልጎሪዝሚ ተባለ፤ እየቆየም የሰውዬው ስም የስልቱ ስም ሆነ። እንግዲህ አልጎሪዝም ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ነገር እንጂ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አይደለም።

ትርጓሜውም አንድን ጥያቄ ለመፍታት በተራ የሚፈጸሙ የእርምጃዎች ስብስብ ማለት ነው። ነገር ግን ማንኛውም መመሪያ አልጎሪዝም አይባልም፤ ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባዋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ትርጉም የማይሰጥ ግልጽ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከተወሰኑ እርምጃዎች በኋላ መፈጸም አለበት። ሦስተኛ፣ ለተባለለት ጥያቄ ሁሉ፣ ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ብቻ ሳይሆን፣ ትክክለኛውን መልስ መስጠት አለበት።

እናቶቻችን ወጥ አሠራር ሲያስተምሩ «ሽንኩርቱ በደንብ እስኪቁላላ ጠብቂ፤ ጨውም በልኩ አድርጊ» ይላሉ። ልኩን የሚያውቀው የእናትየዋ እጅ ነው፤ ልጅቱም አጠገቧ ቆማ በማየት ትማረዋለች። ኮምፒዩተር ግን ልክ የሚባለውን አያውቅም። የነገሩትን ያደርጋል እንጂ ሊነግሩት የፈለጉትን አይገምትም። ስለዚህ ለሰው ያለ ችግር የሚገባው መመሪያ ለመኪናው ገና ግማሽ መመሪያ ነው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እናሳያለን። ምሳሌውን የወሰድነው ከሩቅ አገር ሳይሆን፣ የአገራችን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን በቃላቸው ሲያሰሉት ከኖሩት ከባሕረ ሐሳብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ስልት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። እኛ እዚህ የምናየው ሃይማኖታዊ ትርጓሜውን ሳይሆን ስሌቱን ነው። ጥያቄው፦ ዓመቱ ቢነገረን ፋሲካ በስንት ቀን ይውላል? የሚል ነው።

እርምጃዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል። የሚገኘው ዓመተ ዓለም ይባላል።
2ኛ. ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው 1 ይቀነሳል። ይህ ወንበር ይባላል።
3ኛ. ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ይካፈላል፤ ቀሪው መጥቅዕ ይባላል።
4ኛ. መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ የመስከረም ቀን ነው፤ ካነሰ የጥቅምት ቀን ነው።
5ኛ. ያ ቀን በሳምንቱ በየትኛው ዕለት እንደሚውል ይታያል፤ የዕለቱም ተውሳክ በመጥቅዑ ላይ ይደመራል። ተውሳኩ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2፣ ለቅዳሜ 8 ነው።
6ኛ. መጥቅዑ በጥቅምት ከሆነ ድምሩ የጾመ ነነዌን መጀመሪያ የየካቲት ቀን ይሰጣል። በመስከረም ከሆነ ደግሞ ድምሩ ከ30 ካልበለጠ በጥር ነው፤ ከበለጠ 30 ተቀንሶለት የቀረው በየካቲት ነው።
7ኛ. ከጾመ ነነዌ መጀመሪያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ይገኛል።

ዕለቱን ለማግኘትም ስልት አለ። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር በዓመተ ዓለሙ ላይ ይደመርና ለ7 ይካፈላል። ቀሪው 1 ቢሆን መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፤ 2 ቢሆን ረቡዕ፤ እንዲህ እያለ 0 ቢሆን ሰኞ ነው።

በ2016 ዓ.ም. እንሞክረው። 2016 እና 5500 ሲደመሩ 7516 ይሆናሉ። 7516 ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ወንበሩ 10 ነው። 10 በ19 ሲባዛ 190 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ ስለዚህ መጥቅዑ 10 ነው። ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 10 ሆነ። መስከረም 1 ማክሰኞ ስለ ነበረ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 10 እና 8 ሲደመሩ 18 ናቸው፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 27 ይደርሳል። የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለውም በእርግጥ ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

አንድ ሰው ይህን ብቻ አይቶ «ሠራ» ሊል ይችላል። ነገር ግን የ2016 ስሌት ያለፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በ4ኛውና በ6ኛው እርምጃ ላይ ያሉትን ሌሎቹን መንገዶች አልረገጠም። ስለዚህ 2017ን እንጨምር። ወንበሩ 11፣ መጥቅዑ 29 ነው። ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 29 ነው፤ ዕለቱም ረቡዕ፣ ተውሳኩም 4 ነው። ድምሩ 33 ሆነ። 30 ሲቀነስለት 3 ይቀራል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ነው። ይህም ትክክል ነው። «ከ30 ከበለጠ» የሚለውን መንገድ የዘነጋ ፕሮግራም ግን በ2016 ትክክል ሆኖ በ2017 «ጥር 33» ብሎ ይወጣ ነበር።

እስካሁን የጠቀስነው ስሕተት ራሱን የሚያጋልጥ ነው፤ ጥር 33 የሚባል ቀን እንደሌለ ሕፃንም ያውቃል። ከዚህ የከፋው ግን ራሱን የሚደብቅ ስሕተት ነው። እባካችሁ የሚከተለውን በጥሞና ተከታተሉን።

የ2005 ዓመተ ዓለም 7505 ነው። 7505 ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ ምንም አይተርፍም። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ምን ይሆናል? ሊቃውንቱ ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ ምንም ካልተረፈ 19 እንደ ተረፈ ይቆጠራል፣ ወንበሩም 18 ይሆናል ይላሉ። እንዲሁም ወንበሩ 0 ሲሆን መጥቅዑ 30 ነው ይላሉ፤ መስከረም 0 የሚባል ቀን የለምና። እኛም ከላይ እርምጃዎቹን ስንዘረዝር እነዚህን ሁለት ልዩ ሕጎች ያልጨመርናቸው፣ አለመኖራቸው ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ልዩ ሕግ ያልጻፈ የአንድ ጀማሪ ፕሮግራም ወንበሩን ከዜሮ በታች 1 ያደርገዋል። በ19 ሲባዛ ከዜሮ በታች 19 ይሆናል። ይህ ለ30 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው? እዚህ ላይ ቋንቋዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ሲ በተባለው ቋንቋ ቀሪው ከዜሮ በታች 19 ነው፤ ቀኑ የማይረባ ስለሚሆን ስሕተቱ ይታወቃል። ፓይተን በተባለው ቋንቋ ግን ቀሪው 11 ነው። መጥቅዑ ጥቅምት 11 ሆነ ማለት ነው። ትክክለኛው በወንበር 18 ሲሰላ ጥቅምት 12 ነበር።

አንድ ቀን ተሳሳተ፤ ነገር ግን መጨረሻውን እንይ። በ2005 ጥቅምት 11 እሑድ ነው፤ 11 እና 7 ሲደመሩ 18 ናቸው። ትክክለኛው ጥቅምት 12 ሰኞ ነው፤ 12 እና 6 ሲደመሩም 18 ናቸው! ሁለቱም የካቲት 18ን፣ ሁለቱም ፋሲካን ሚያዝያ 27 ላይ ያወጣሉ። ስሕተቱ ተውሳኩ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ።

ቀሪው 0 የሚሆንበት ተከታዩ ዓመት 2024 ነው። ያን ጊዜም ትክክለኛው ሐሙስ፣ ስሕተተኛው ረቡዕ ላይ ሲውሉ ሁለቱም የካቲት 15ን ይሰጣሉ። ፕሮግራሙ አሁንም «ሠራ»። ቀጥሎ የሚመጣው 2043 ነው። በዚያ ዓመት ትክክለኛው ጥቅምት 12 ቅዳሜ ነው፤ ከተውሳኩ ከ8 ጋር 20 ይሆናል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 29 ይውላል። ስሕተተኛው ጥቅምት 11 ግን ዓርብ ነው፤ ከተውሳኩ ከ2 ጋር 13 ይሆናል። ፕሮግራሙ ፋሲካን ሚያዝያ 22 ብሎ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ያውጃል። የጻፈው ሰው በዚያን ጊዜ ምናልባት ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ግን ዓመታት ሙሉ ያላሳፈረ ስለ ሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ዓመታት ማለቂያ የላቸውም፤ ሁሉንም እንዴት እንፈትናለን?» ትሉ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ስልቱን በማወቅ ውስጥ ነው። ወንበር በየ19 ዓመቱ ይደጋገማል፤ ዕለታቱ ከአራት ዓመቱ የጳጉሜን ሥርዓት ጋር በየ28 ዓመቱ ይደጋገማሉ። 19 በ28 ሲባዛ 532 ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ በተከታታይ 532 ዓመታት ላይ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠ ፕሮግራም ለዘመናት ሁሉ ትክክል ነው። ስልቱን ለማያውቅ ማለቂያ የሌለው የሚመስለው ፍተሻ፣ ስልቱን ላወቀ ከአንድ ሴኮንድ በታች የሚፈጸም ሆነ።

እስካሁን ስለ ትክክለኛነት ተናገርን። አሁን ደግሞ ስለ ዋጋ እንናገር፤ ይኸውም አልጎሪዝሙ ስንት እርምጃ ይፈጃል? የሚለው ነው።

የአንድ ሚሊዮን ሰዎች ስም ዝርዝር አለን እንበል። አንዱን ስም ለማግኘት ከመጀመሪያው ጀምረን አንድ በአንድ ብናይ እስከ 1,000,000 ጊዜ ማየት ሊያስፈልገን ነው። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተደረደረ ከሆነ ግን መካከሉን እንገልጣለን፤ የምንፈልገው ስም ከዚያ በፊት ከሆነ የኋላውን እኩሌታ እንጥላለን፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ የፊቱን እንጥላለን። በቀረውም እኩሌታ እንዲሁ እናደርጋለን። አንድ ሚሊዮን በዚህ ዓይነት እየተከፈለ ከ20 ጊዜ በማይበልጥ ማየት ያልቃል። ስሞቹ ሁለት ሚሊዮን ቢሆኑ የሚጨመረው አንድ ማየት ብቻ ነው።

ነገር ግን ይህ ስልት የሚሠራው ዝርዝሩ የተደረደረበት ሥርዓትና ፈላጊው የሚያነጻጽርበት ሥርዓት አንድ ሲሆን፣ ስሙም በአንድ ዓይነት ፊደል ሲጻፍ ነው። በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ኮምፒዩተሩም ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። በመካከላቸው ረ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ሥዩም» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ስዩም» ብሎ ቢፈልገው፣ መካከሉም ላይ «ረታ» የሚል ስም ቢያጋጥም፣ ፕሮግራሙ ሥዩም ያለበትን እኩሌታ በእርግጠኝነት ይጥለዋል፤ በመጨረሻም «የለም» ይላል። ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሐይም እንደዚሁ ናቸው። በመስኮት ፊት የቆመውም ሰው ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ እያለ «መዝገብ ላይ የለህም» ተብሎ ይመለሳል። ይህ የመኪናው ጥፋት ነውን? አይደለም። ፊደላቱን ከማነጻጸር በፊት ወደ አንድ ማምጣት የፕሮግራም ጸሐፊው ግዴታ ነበረ። የውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ ይህን አይነግረንም፤ ልናስብበት የሚገባን እኛው ነን።

ስሞቹንስ በተራ የሚደረድራቸው ማን ነው? እያንዳንዱን ስም ከእያንዳንዱ ጋር የሚያነጻጽር ስልት ለአንድ ሚሊዮን ስም 499,999,500,000 ማነጻጸር ይፈጃል። ሌላ ስልት አለ፤ ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1945 የነደፈው ነው። ሐሳቡን በፈተና ወረቀት እናስረዳለን። በተራ የተደረደሩ ሁለት የወረቀት ክምሮች ቢኖሩ፣ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ብቻ እያዩ ቀዳሚውን እያነሡ አንድ የተደረደረ ክምር ማድረግ ቀላል ነው። ስለዚህ ክምሩን ለሁለት እንከፍላለን፤ እያንዳንዱንም ደግሞ ለሁለት፤ አንድ አንድ ወረቀት እስኪቀር። ከዚያ መልሰን ሁለት ሁለቱን እናዋሕዳለን። ለአንድ ሚሊዮን ስም ከ20,000,000 የማይበልጥ ማነጻጸር ይበቃል።

አሁን ሁለት ኮምፒዩተር እናስብ። አንዱ አዲስ ነው፤ በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ ያነጻጽራል እንበል። ሌላው ከእርሱ መቶ እጅ የዘገየ አሮጌ ነው። አዲሱ በመጀመሪያው ስልት ቢሠራ 5,000 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ይህም አንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ያህል ነው። አሮጌው በሁለተኛው ስልት ቢሠራ በ20 ሴኮንድ ይጨርሳል። ከመካከላችሁ የራሱ ኮምፒዩተር የሌለው፣ ወይም ያገለገለ አሮጌ መሣሪያ ይዞ የመጣ ካለ ይህን ስሌት ያስታውስ። ፈጣን መኪና በገንዘብ ይገዛል፤ የተሻለ ስልት ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ለሚያስብ ሁሉ ክፍት ነው።

በዘመናችን ደግሞ በቃል ሲጠይቋቸው ሙሉ ፕሮግራም ጽፈው የሚያቀርቡ መሣሪያዎች መጥተዋል። «እንግዲህ እኛ አልጎሪዝም መማራችን ለምን ይጠቅማል?» የሚሉም አሉ። እኛ የምንለው፣ መማሩ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል ነው። የ2043ን ስሕተት የያዘ ፕሮግራም ሰው ቢጽፈውም መኪና ቢጽፈውም ያው ነው፤ ሁለቱም «ሠራ» ይባሉለታል። ልዩነት የሚያመጣው «ቀሪው 0 ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ያን ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው ደግሞ ስልቱን በእጁ ያሰላው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ አራት ልማዶችን ከዛሬ ጀምራችሁ እንድትይዙ አደራ እንላለን።

መጀመሪያ፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችሁ በፊት እርምጃዎቹን በራሳችሁ ቋንቋ በወረቀት ጻፉ። በአማርኛ ልትጽፉት ያልቻላችሁትን በፓይተን ልትጽፉት አትችሉም።

ሁለተኛ፣ በትናንሽ ቁጥሮች በእጃችሁ አስሉት፤ እያንዳንዱንም መንገድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ርገጡት።

ሦስተኛ፣ ዳርቻውን ፈትኑ። ቁጥሩ 0 ቢሆን፣ 1 ቢሆን፣ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን፣ የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ቢሆን፣ ስሙ በሌላ ፊደል ቢጻፍ ምን ይሆናል? ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው በዳርቻ ነው።

አራተኛ፣ ዋጋውን ቁጠሩ። ለአሥር ስም የሚበቃው ስልት ለአሥር ሚሊዮን ስም ይበቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ የክፍል ጓደኛችሁም ከእናንተ ቀድሞ «ሠራ» ሊል ይችላል። ነገር ግን አባቶቻችን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እናንተ የምትጽፉትን ፕሮግራም ነገ የሚጠቀምበት ሰው እርምጃዎቹን አያይም፤ ውጤቱን ብቻ ያያል። ደመወዙ፣ የፈተና ውጤቱ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ በመዝገብ ላይ ያለ ስሙ በእናንተ ስልት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። እርሱ ሊመረምረው የማይችለውን እርሱን ሆናችሁ የምትመረምሩለት እናንተ ናችሁ።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህ ነው። ወደ ማደሪያችሁ ስትመለሱ የዘንድሮን ፋሲካ በወረቀት አስሉና ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስተያዩት። ከዚያም ቀጥላችሁ በ2043 ሞክሩት።